የእንዶድ ሌላው ታሪክ

ጭሮ ከመቆርቆሯ በፊት፣ የጨርጨር ተራሮች ግርጌም ባቡር ከማየቱ በፊት፣ በትምባሆ ቅጠል ላይ የወጣ አንድ በሽታ የአውሮፓን ሊቃውንት ግራ አጋብቶ ነበር። ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ተዥጎርጉሮ ይጨማደዳል፣ ተክሉም ይቀጭጫል። በ1892 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመውን ቅጠል ጨምቆ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አጣራው። የተጣራው ጭማቂ ጤነኛውን ተክል ሲነካው ያም ታመመ። በ1898 ደግሞ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይየሪንክ ያንኑ ሙከራ ደግሞ አጠናከረው። በሽታውን የሚያመጣው ነገር በሕያው ተክል ውስጥ ብቻ እንደሚራባ አስተዋለና ቫይረስ ብሎ ጠራው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ሁሉ በዚህ ጠባይ ላይ የቆመ ነው። ቫይረስ የራሱ ምጣድ የለውም፤ የገባበትን ቤት ምጣድ ይዞ የራሱን እንጀራ ይጋግራል። ፕሮቲን የሚሠራለት ራይቦዞም የሚባለው የተክሉ የራሱ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ፈንገስን ወይም ትልን እንደሚገድል መድኃኒት ተረጭቶ፣ ተክሉን ሳይነካ ቫይረሱን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ ነገር ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። በቫይረስ የተያዘ ድንች ወይም በቆሎ ማሳ ላይ ተረጭቶበት የሚድንበት መድኃኒት ዛሬም የለም። ሊደረግ የሚችለው ቀድሞ መከላከል ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ በ1897 ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። በአዋሽ ሸለቆ አድርጎ፣ ሚኤሶንና አሰቦትን ጣቢያ አድርጎ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በ1920ዎቹ ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው መጡና አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ የአስተዳደሩ ከተማ አድርገው አቀኗት። ተክለ ሐዋርያት በ1931 የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው መሆናቸው በሰፊው ይነገራል። ለዚህ ትረካ ግን የሚጠቅመን ሌላው ጎናቸው ነው። ጨርጨር ለሌላው አገር አርአያ የሚሆን አውራጃ እንድትሆን ይመኙ ነበር። መንገዱ፣ አስተዳደሩና እርሻው በሥርዓት እንዲሄድ ጥረዋል። ያቀኗት ከተማ እስከ ዛሬ የምዕራብ ሐረርጌ ማዕከል ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛም በጭሮ ያልፋል።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያን ሁለት የእህል ሰብሳቢዎች ጎበኟት። በ1923 አሜሪካዊው ሃሪ ሃርላን ገብስ ፍለጋ መጥቶ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በበቅሎ ጓዝ በላሊበላ በኩል ወደ ሰሜን ተጓዘ። በ1927 ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በጅቡቲ ገብቶ፣ በባቡር ድሬዳዋ ደርሶ፣ ከሐረር እስከ አስመራ አገሩን አቋርጦ ስንዴ፣ ገብስና ጥራጥሬ ሰበሰበ። ኢትዮጵያ ከዓለም የሰብል ዝርያ ምንጮች አንዷ መሆኗን ያስታወቀው እሱ ነው። ይህ ታላቅ ሰው በ1943 በስታሊን እስር ቤት በረሃብ ሞተ። የሰው ልጅ እንዳይራብ ዘር ሲለቅም ለኖረ ሰው ከዚህ የከፋ ፍጻሜ አይገኝም።

በሁለቱ ጉዞዎች መካከል፣ በ1925፣ በአሜሪካዋ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚዙሪ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ትንሽ የምትመስል ሙከራ ተደረገች። ቤንጃሚን ዱጋርና የሥራ ባልደረባው አርምስትሮንግ የታመመ የትምባሆ ጭማቂ ወስደው ከተለያዩ ዕፅዋት ጭማቂ ጋር ቀላቀሉት፤ ከዚያም ድብልቁን በጤነኛ የትምባሆ ቅጠል ላይ አሹት። ከአንዱ ተክል በቀር የሌሎቹ ጭማቂ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። በዚያ በአንዱ ጭማቂ የታሸው ቅጠል ግን ሳይታመም ቀረ። ተክሉ በእነሱ አገር በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ ጥቁር ሐምራዊ ፍሬ የሚያፈራ አረም ነው። የእኛ እንዶድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፊቶላካ በሚባለው በአንድ ወገን የሚመደቡ ናቸው።

ዱጋር በኋላ በ1940ዎቹ ኦሪዮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በማግኘቱ ስሙ ገነነ። ይህችኛዋ ግኝቱ ግን ለዓመታት በመጽሔት ገጽ ላይ ብቻ ቀረች። ጭማቂው ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አላወቀም። በ1935 ዌንደል ስታንሊ የትምባሆውን ቫይረስ እንደ ጨው ፍሬ አጠንክሮ አወጣው። በ1948 ደግሞ በእንግሊዝ ካሳኒስና ክሌችኮውስኪ በሌላው የእንዶድ ዘመድ ውስጥ ቫይረስን የሚያግደው ነገር ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። በመካከሉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በእኛ በኩልም የኢጣልያ ወረራ ነበረ።

1950ዎቹ ሁለት ነገሮችን ይዘው መጡ። አንደኛው በ1951 በካሊፎርኒያ ተገኘ፤ ኦስዋልድና ሂውስተን የገብስን ቅጠል አቢጭቶ ተክሉን የሚያቀጭጨው በሽታ በክሽክሽ የሚተላለፍ ቫይረስ መሆኑን አስታወቁ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ቻርለስ ሻለርና ጓደኞቹ ከመላው ዓለም የተሰበሰበውን ገብስ በሺዎች ዘርተው መረመሩ። በሽታውን ከቻሉት ውስጥ አብላጫው የኢትዮጵያ ደጋ ገብስ ሆኖ ተገኘ። በ1964 የመቋቋሙን ኃይል የያዘውን የዘር ክፍል ጠባይ አብራርተው አወጡ። እነ ካሊፎርኒያ ማሪዮት 67 እና አትላስ 68 የተባሉት የገብስ ዝርያዎች ይህንኑ የኢትዮጵያ ኃይል ይዘው ወደ አሜሪካ ገበሬ ማሳ ገቡ። የእኛ አያቶች ገብሱን ለዘር ሲመርጡ ቫይረስ የሚባል ነገር እንዳለ አያውቁም፤ ቢጫ የሆነውን ትተው የጸናውን ለዘር ማስቀረት ግን ያውቁ ነበር። ከላቦራቶሪ በፊት የተሠራ ምርምር የሚሉት ይህ ነው።

ሁለተኛው የሐረርጌ ነው። በኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የተቋቋመው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራ ጀመረ፤ በጥር 1958 በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። ከጨርጨር ተራሮች ጋር ተያይዞ በሚሄደው የሐረርጌ ደጋ ላይ የማሽላ፣ የድንችና የበቆሎ ምርምር ቤት አገኘ። ኮሌጁ በ1985 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እንለዋለን።

በ1961 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ሮስ አዲስ ነገር አየ። ከትምባሆው አንዱን ቅጠል በቫይረስ ሲነካው ያ ቅጠል ትንንሽ ነጠብጣብ አውጥቶ በሽታውን እዚያው ያቆመዋል። ከቀናት በኋላ ያልተነካውን ሌላውን ቅጠል በዚያው ቫይረስ ሲነካው ደግሞ በሽታው እምብዛም አልያዘውም። አንዱ ቅጠል ለሌላው መልእክት ልኳል ማለት ነው። መልእክተኛው ምን እንደሆነ ሮስ አላወቀም።

የትረካዬ ዋና ሰው አሁን ይመጣል። በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ነበር። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በወንዙ ሞልቷል። አክሊሉ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። የደረቀው ፍሬ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በውሃ ሲበጠበጥ አረፋው ይገነፍላል፤ ነጠላና ጋቢ ያነጣል። ይህን ሥራ እናቶቻችን ለብዙ ዘመን ሠርተውታል፣ አረፋውም በወንዙ ሲወርድ ኖሯል፤ ግን ከአረፋው በታች ስላለው የሞተ ቀንድ አውጣ ቆም ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አክሊሉ ጠየቀ። ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚሰጥ ነገር ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጠ። በ1966 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ በአክሊሉ ስም የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም መሠረተ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስቦ በኃይሉ ላቅ ያለውን መረጠ። ሁለቱ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። አክሊሉ በ1997 አረፈ።

የእንዶድ የታወቀው ታሪክ በዚህ ያበቃል፤ የሚቀጥለው ሌላው ታሪኩ ነው።

በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ጄምስ ኢርቪን ከዱጋር ተክል ቫይረስን የሚያግደውን ፕሮቲን ለይቶ አጠራው። በዚያው ጊዜ በህንድ ሉክናው ኤች. ኤን. ቬርማ ከልዩ ልዩ ዕፅዋት ቅጠልና ሥር የተገኘ ጭማቂ በተክል ላይ ሲረጭ ቫይረስን ለመቋቋም እንደሚያበረታ ለብዙ ዓመት መረመረ። ይህን ዓይነት ፕሮቲን የያዙ ተክሎች ብዙ እንደሆኑ ታወቀ። በየከተማችን አጥር ላይ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ የሚያብበው ቡጌንቪሊያ አንዱ ነው።

በ1979 ደግሞ በእንግሊዝ ሮታምስቴድ የሚሠራው ሬይመንድ ዋይት ለትምባሆ አስፕሪን ሰጠው። ለራስ ምታት የምንውጠውን ያንኑ አስፕሪን ማለት ነው። አስፕሪኑን በውሃ አሟምቶ በቅጠል ውስጥ ሲወጋ ትምባሆው ቫይረሱን በእጅጉ ተቋቋመ። አስፕሪን የተሠራው ከሳሊሲሊክ አሲድ ነው፤ የሳሊሲሊክ አሲድ ዘመዶች ከጥንት የታወቁት በወንዝ ዳር በሚበቅለው በአኻያ ልጥ ነው። አኻያ በኦሮምኛ አላልቱ ይባላል፣ በእኛም ወንዞች ዳር አለ። በ1990 ሁለት ቡድኖች በአንድ ጊዜ ምስጢሩን ፈቱ። ተክል በበሽታ ሲጠቃ በገዛ አካሉ ውስጥ ሳሊሲሊክ አሲድ ያበዛል፤ ሮስ በ1961 ያየው መቋቋምም ያለዚህ ነገር እንደማይቆም በኋላ ተረጋገጠ። እንግዲህ ዋይት ለተክሉ የሰጠው ባዕድ መድኃኒት አልነበረም፤ ተክሉ ራሱ የሚያውቀውን የማንቂያ ደወል ቀድሞ ደወለለት።

1984 ለኢትዮጵያውያን የረሃብ ዓመት ነው፤ ሐረርጌም ከተጎዱት አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሬዲ፣ ሮበርት አዳምስና ጆን ሮበርተስ ስለ አንድ አዲስ ፕሮቲን ጻፉ። ያገኙት ከአሜሪካው አረም አይደለም፣ ከእኛው ከእንዶድ ቅጠል ነው። ዶዲካንድሪን አሉት። ፍሬው ውስጥ ያለውን ሳፖኒን ዓለም ያውቅ ነበር፤ ቅጠሉ ደግሞ የዱጋርን ተክል ዝና ያስገኘውን ዓይነት ፕሮቲን ይዟል። አረፋው ልብስ ያጥባል፣ ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ሥራ ያለው ሌላ ነገር ነው። ልብስ የሚታጠብበት ፍሬው ስለሆነ ቅጠሉን የሚያስበው ጥቂት ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው ቡድን የዱጋር ተክል ፕሮቲን በተክሉ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ፈልጎ አገኘ። የሚገኘው በሕዋሱ ግድግዳ ውስጥ፣ ከራይቦዞሙ ተለይቶ ነው። ክሽክሽ ወይም ሌላ ነፍሳት ቅጠሉን ሲወጋ ቫይረሱ በቁስሉ ይገባል፣ በዚያው ቁስል ፕሮቲኑም አብሮ እንደሚገባ ገመቱ። በ1987 ደግሞ ጃፓናዊው ያእታ ኤንዶ ከጉሎ ፍሬ የሚገኘውን ሪሲን ሲመረምር ይህ የፕሮቲን ቤተሰብ ምን እንደሚያደርግ አሳየ። ከራይቦዞሙ ውስጥ አንዲት አዴኒን የምትባል ቅንጣት ይነቅላል። ያቺ ከተነቀለች ራይቦዞሙ ከእንግዲህ ፕሮቲን አይሠራም። ምጣዱ ተሰበረ ማለት ነው። በዚያ ግምት መሠረት የተጠቃው ሕዋስ ራሱን ሠውቶ ይሞታል፤ ቫይረሱም መራቢያ አጥቶ እዚያው ይቀራል፤ ተክሉ ይድናል።

ጉሎን የምናውቀው ምጣድ ለማሰሻ ነው፤ በውስጡ ያለው ሪሲን ግን ገዳይ መርዝ ነው። ሪሲን ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ሕዋስ ውስጥ የሚያስገባው ቁልፍ፣ ሁለተኛው ራይቦዞም የሚሰብረው ክፍል ነው። የእንዶድ ዘመዶች ፕሮቲን ሁለተኛው ብቻ አለው፤ ቁልፉ የለውም፤ ስለዚህ ቁስል ካላገኘ በቀላሉ አይገባም። ይህ ማለት ግን እንዶድ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ፍሬው ከተዋጠ ሰውን ይመርዛል፤ ከወንዝ ከገባ ዓሣ ይገድላል።

1993 የዚህ ታሪክ ተስፋና ማስጠንቀቂያ የተገናኙበት ዓመት ነው። ጄኒፈር ሎጅ፣ ዎይቼክ ካኒየውስኪና ኒልጉን ቱመር የዱጋርን ተክል ፕሮቲን የሚሠራ ዘረመል ወደ ትምባሆና ወደ ድንች አስገቡ። ተክሎቹ አንድ ብቻ አይደለም፣ በአሠራራቸው የሚለያዩ በርካታ ቫይረሶችን ተቋቋሙ። ነገር ግን ፕሮቲኑ የበዛባቸው ተክሎች ራሳቸው ተዥጎረጎሩ፣ ቀጨጩ፣ ዘር አልሰጡም። ምጣድ ሰባሪው በጠላት ላይ ብቻ ሳይሆን በባለቤቱም ላይ እጁን አነሣ። ከአራት ዓመት በኋላ ቱመርና ባልደረቦቿ የፕሮቲኑን ጫፍ በመቁረጥ ተክሉን ሳይጎዳ ቫይረሱን የሚያግድ ዓይነት አሳዩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የአሜሪካን ሐይቆች የወረረውን የሜዳ አህያ መልክ ያለውን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጡር የሚገድል መሆኑ ስለታወቀ በዚህ አጠቃቀሙ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። እንዶዱ የኢትዮጵያ፣ ዕውቀቱ የአድዋ ሴቶች፣ የባለቤትነት መብቱ የሌላ ሆነ። አገሪቱ በ2006 የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 482 ስታወጣ ከጀርባው ይህን የመሰለ ቅሬታ ነበረበት ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጭሮን በሩቅ የሚነካ ይመስላል። አሁን ወደ ማሳው እንግባ። ምዕራብ ሐረርጌ ላይ ገበሬው በትንሽ መሬት ብዙ ነገር ያበቅላል። ጫት በመደዳ፣ በመካከሉ በቆሎ ወይም ማሽላ፣ ከሥሩ ቦሎቄ ይዘራል፤ ውሃ ባለበት ድንች፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት አለ፤ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ስኳር ድንች ቤት ይደግፋል። መሬቱ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ በረከት ነው፤ ለክሽክሽና ለነጭ ዝንብ ግን ዓመቱን ሙሉ መጠለያ ነው። ስኳር ድንች በሐረግ ይተከላል፤ ሐረጉን ጎረቤት ለጎረቤት ይቀባበላል። ሐረጉ ውስጥ ቫይረስ ካለ ከስጦታው ጋር አብሮ ይሄዳል። ድንችም እንዲሁ ነው፤ ገበሬው ትልልቁን ሸጦ ትንንሹን ለዘር ሲያስቀር፣ ትንሽ የሆነበት ምክንያት በሽታው ሊሆን እንደሚችል አያውቅም። ዓመት ከዓመት ዘሩ ይደክማል። «መሬቱ ደከመ» ይባላል፤ የደከመው ግን ብዙ ጊዜ ዘሩ ነው።

ሐረማያ ይህን አጥብቆ የያዘ ቤት ነው። በ1987 ዓለማያ 624 የተባለ ድንች አወጣ። በ1998 ጭሮ የተባለውን፣ በ2001 ዘመንና በዴሳ የተባሉትን ዝርያዎች ለገበሬ አቀረበ። ጭሮም በዴሳም ለምዕራብ ሐረርጌ ሰው የቤት ስሞች ናቸው። በ2006 ደግሞ አዳነ አብርሃምና ጀርመናዊ ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ሽምብራ ላይ ከዚያ በፊት የማይታወቅ አዲስ ቫይረስ ማግኘታቸውን ለዓለም አስታወቁ። የአገራችን ተመራማሪ ጠላቱን ለይቶ ስም እስከ መስጠት ደርሷል።

ከዚያ 2014 መጣ። በ2011 በኬንያ ቦሜት የተነሣው የበቆሎ ገዳይ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። በሽታው የአንድ ቫይረስ ሥራ አይደለም። የበቆሎ ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስ ለብቻው ሲገባ ጉዳቱ መካከለኛ ነው፣ የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስም ለብቻው እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ተክል ሲገናኙ ግን ቅጠሉ ከዳር ወደ መካከል እየደረቀ ይሄዳል፤ ልቡ ይደርቃል፤ ያፈራው ዛላ ፍሬው የሳሳ ወይም ባዶ ይሆናል። ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ድርቅ የመታው ይመስላል። ኬንያ በ2013 ናይቫሻ ላይ በሽታውን የሚቋቋም በቆሎ የሚመረጥበትን ጣቢያ ከፈተች። መፍትሔ የተፈለገው በዘር ነው፤ ምክንያቱም ከላይ እንዳልኩት ተረጭቶ የሚያድን የለም።

የተክል ተፈጥሯዊ ኬሚካል ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ሐረርጌ ማሳ ሊገባ እንደሚችል ማረጋገጫ ከፈለግን ግን ሩቅ መሄድ የለብንም። አቀንጭራ የማሽላን ሥር የሚበላ አረም ነው፤ እንደ ሚኤሶ ያለ ቆላ ማሳ ያውቀዋል። አቀንጭራ የሚበቅለው የማሽላው ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀውን ስትሪጎላክቶን የተባለ ነገር ሲያሸት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው የዚህ ቤተሰብ አባል በ1966 ተገኘ። ዓለማያ የተማሩት ገቢሳ ኤጄታ ይህንን ነገር ጥቂት ብቻ የሚለቅ ማሽላ ፈልገው፣ ከሌላ ጥሩ ጠባይ ጋር አዳቅለው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጡ። ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች የኢትዮጵያ ገበሬ ጋ ደረሱ፤ ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የሥራቸው ቁም ነገር መርዝ መርጨት አልነበረም፤ ተክሉ ራሱ የሚሠራውን ኬሚካል ማወቅና እሱን ይዞ መምረጥ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ምን እንደምንል እነግራችኋለሁ። ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን። አንደኛው ነፍሳትን የሚያባርረው ነው። የኒም ዘይት ክሽክሽንና ነጭ ዝንብን ይቀንሳል፤ ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሽሙተረር በ1959 ሱዳን ላይ አንበጣ ሁሉን ሲበላ ኒሙን ሲተው አይቶ ነው የምርምሩን በር የከፈተው፤ ድሬዳዋ በኒም ዛፍ የተሞላች ከተማ ናት። ኒም ግን ቫይረሱን አይነካም፤ ተሸካሚውን ብቻ ያሸሻል። ሁለተኛው ተክሉን የሚያዘጋጀው ነው፤ የእንዶድ ቅጠል ፕሮቲን፣ የአኻያ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ እነዚህ ቫይረሱ ከመድረሱ በፊት የሚሠሩ ናቸው። ቅጠሉ ከተዥጎረጎረ በኋላ የሚረጨው ጭማቂ አያድንም። ይህንን የማይናገር የግብርና ምክር ገበሬውን ያከስረዋል።

በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶ ለሚኖር ገበሬ ዛሬ የሚሠራው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። የታመመ በቆሎ ከማሳ ተነቅሎ ይውጣ። የስኳር ድንች ሐረግ ከታመመ ማሳ አይወሰድ። የድንች ዘር ከጤነኛ ተክል፣ ተክሉ ገና በለጋነቱ ምልክት ተደርጎበት ይመረጥ። እንዶድን በግምት ወቅጦ ማሳ ላይ መርጨት፣ ከዚያም ወንዝ ውስጥ ማጠብ አይገባም።

የተመራማሪዎቹ ሥራ ግን ይቀራል። ዱጋር ጭማቂውን ቅጠል ላይ ካሸ 100 ዓመት አለፈ። የእንዶድን ቅጠል ፕሮቲን ቴክሳስ ካጠራው 40 ዓመት አለፈ። እንዶዱ ግን እዚሁ ነው፣ በኦሮምኛ አንዶዴ እየተባለ በየደጋው አጥር አለ። ጭሮ ላይ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ዳሮ ለቡ ላይ መቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ሐረማያ ሩቅ አይደለም። የሚያስፈልገው ሙከራ ውድ አይደለም፤ የእንዶድ ቅጠል ጭማቂ በተለያየ መጠን፣ በችግኝ ጊዜ፣ በቃሪያና በድንች ላይ፣ ከማይረጨው መደብ ጋር እየተነጻጸረ፣ በደጋው በቁኒ፣ በጭሮና በቆላው በሚኤሶ ይሞከር። ይሠራ ከሆነ መጠኑና ጊዜው ይታወቅ፣ ለሰውና ለእንስሳ ያለው አደጋ ይለካ። ካልሠራም ያንኑ እንወቅ። ለኦዳ ቡልቱም፣ ለመቻራና ለሐረማያ ተመራማሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሙከራውን ጀምሩት፣ ውጤቱንም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፋችሁ ለየቀበሌው የግብርና ባለሙያ አድርሱ።